ኬጂ ገብታ ቆርኪ ነው የምትቆጥረው፣ ላዛውራት ወይስ ልተዋት?

ከፍኖተ ሰላም ለጻፍሽልኝ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጅትን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ ረዘም ስላለ ሌላውም አንባቢ እንዲገባው አሳጥሬ ላስቀምጠው። ልጅሽ አምስት ዓመት ካለፋት ገና ትንሽ ነው፣ ዘንድሮ ኬጂ ገብታለች፣ የገባችበት ቤት ግን ሆምወርክ የሚባል ነገር የለውም፣ ለምን ሲባሉ «እኛ ጋ ትምህርቱ ሕጻኑን ማዕከል ያደረገ ነው» ይላሉ፣ ልጅት ማታ «ዛሬ ምን ተማርሽ» ስትባል «ተጫወትን» ብላ ዝም ነው፣ ቢበዛ ኪሷ ውስጥ ሁለት ሦስት ቆርኪ ይገኛል። የጎረቤትሽ ልጅ በዚያው ዕድሜ ሌላ ኬጂ ገብቶ ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ ዜድ ይጽፋል፣ በየቀኑ ሦስት ገጽ ሆምወርክ ይሰጡታል፣ እናቱም ይህን ሳታነሳ ሁለተኛው ቡና አይቀዳም። ባለቤትሽ «ለመጫወትማ ግቢያችን መቼ ጠበበ፣ ምን ብር ያስከፍለኛል» ብሎ ወደዚያኛው ሊያዛውራት ቆርጧል። የባለቤትሽ አባት መሪጌታ ደግሞ «እኔ በሷ ዕድሜ ዳዊት እደግም ነበር» ብለው አርፈዋል። አንቺ መሀል ላይ ቀረሽና «ይሄ ነገር የእውነት ትምህርት ነው ወይስ የሰነፍ አስተማሪ ማመካኛ?» ትይኛለሽ።

ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ይሄን ስልሽ መሸሼ እንዳይመስልሽ። ልጆች እየተጫወቱ በደንብ የሚማሩበት ክፍልና ልጆች ተጥለው የሚውሉበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ነው የሚመስለው፣ እዚህም ቆርኪ አለ እዚያም ቆርኪ አለ፣ ጫጫታው እኩል ነው፣ ሁለቱም ጋ ልጆቹ አቧራ ለብሰው ነው የሚመለሱት። ስለዚህ «ተጫወትን» የሚለው የልጅሽ መልስ ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ የጎረቤትሽ ልጅ ሦስት ገጽም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ነገሩ ያለው አስተማሪዋ ጋ ነው፣ ልጅሽን ታያታለች ወይ፣ የምታየውንስ ይዛ ምን ታደርጋለች፣ በቃ እሱ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። ሚስ ቆርኪውን ምንጣፍ ላይ ዘረገፈችው እንበል። አንዲት ልጅ ቆርኪዎቹን በሰልፍ ደርድራ መቁጠር ጀመረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ጣቷ ደግሞ አንዱን ሁለቴ ነካና ቀጣዩን ዘለለ። ግድ የሌላት አስተማሪ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስልኳን ስለምትነካካ ይሄን አታየውም። ቁጡዋ «አምስትን የት ጣልሽው!» ትልና ልጅት ሁለተኛ ድምጿን አውጥታ አትቆጥርም። ሥራዋን የምታውቀው ግን ቁጢጥ ትልና «እስኪ የቆጠርሻትን እየገፋሽ ወደኔ አምጪልኝ» ትላታለች፣ ልጅት አንድ ባለች ቁጥር አንድ ቆርኪ ትገፋለች፣ ሁለቴ መንካቱ እዚያው ይቀራል። አምስትን ደግሞ ለነገ ታቆየዋለች፣ በማግስቱ አምስት ጣትን እያጠፉ የሚዘፈን ዘፈን ይዛ ትመጣለች፣ ለክፍሉ ሁሉ ነው የምትዘፍነው እንጂ ለማን ብላ እንዳመጣችው የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት። ከዚያ በሌላ ቀን ለአራት ልጆች ስምንት ቆርኪ ትሰጥና «እኩል ተካፈሉ፣ እንዳትጣሉ» ትላለች፣ መጣላታቸው ባይቀርም ማካፈልን ጀመሩ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ልጅት ማታ ቤት ገብታ ምን ተማርሽ ስትባል ምን ትላለች? ተጫወትን።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ሄደሽ አስተማሪዋን «ልጄ ሰሞኑን ምን ላይ ናት?» ብለሽ መጠየቅ ነው፣ ጥያቄሽን ልክ እንደዚህ ክፍት አድርጊው፣ «ጎበዝ ናት?» ካልሽማ «አዎ በጣም» ትልሽና ወሬው ያልቃል። «ደህና ናት፣ ትንሽ ትረብሻለች፣ ምሳዋን አትጨርስም» ብቻ ከሆነ መልሱ እሱ ጥሩ ምልክት አይደለም። «እስከ አስር ትቆጥራለች፣ ሰባት ላይ ትደናገራለች፣ ተረት ላይ ከሁሉም በላይ ትጠይቃለች፣ ገመድ ዝላይ ፈርታ ነበር አሁን ደፍራለች፣ ከልጆች ጋር ስትካፈል ገና ታለቅሳለች» ካለችሽ ግን እህቴ ልጅሽን ከዚያች ሴት እጅ አታውጫት፣ ባለቤትሽ የሚከፍለው ብር የሚከፈለው ለዚህ ነው። ሁሉንም ነገር በቃሏ ትያዝ አልልም፣ ደብተር ላይ የየልጁን ነገር የምትጽፍም አለች፣ እሱማ እንዲያውም ይሻላል።

ከተቻለ ደግሞ ባለቤትሽን ይዘሽ አንድ ጠዋት ጥግ ላይ ቁጭ በሉ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ማለቴ ነው። ሚስ ከልጆቹ ጋር ታወራለች ወይስ «ዝም በሉ፣ ተቀመጡ፣ ተሰለፉ» ብቻ ነው የምትለው? ልጆቹ ይጠይቃሉ ወይ? ቀን ላይ ተረት አለ ወይ፣ ከተረቱ በኋላ «አንበሳው ለምን ተናደደ» ምናምን ብላ ታስለፈልፋቸዋለች ወይ? ዕቃው የት ነው ያለው፣ ልጅ እጁ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ? (ይሄ ሁለተኛው እኮ ብዙ ቦታ አለ፣ ፕላስቲክ መጫወቻው ከነላስቲኩ ተቀምጦ ዓመት ይሞላል።) ስንት ልጅ ለስንት አስተማሪ እንደሆነም ቁጠሩ፣ ሃምሳ ልጅ ለአንዲት ሴት የሰጠ ቤት ምንም ዓይነት ጥሩ ስም ቢሰጠው ያቺ ሴት መልአክ ብትሆን እንኳን ሃምሳውን ማየት አትችልም፣ በሷም አልፈርድም። አርጩሜ ካያችሁ ግን ወሬ የለውም፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆን እንዳለባቸው ደንግጓል፣ «ድሮ እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ታፔላን አትመኚ። በር ላይ ሞንቴሶሪ (ልጅ በራሱ እጅ እየሠራ የሚማርበት ዘዴ ነው) ብሎ መለጠፍ ማንም ይችላል፣ ስሙን የሚጠብቀው የለም።

ባለቤትሽ ይሄን ነገር ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የመጣ የዘመን አመጣሽ ነገር አድርጎ ካየው ታሪኩን ንገሪው። ኬጂን የጀመረው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል በፈረንጆች 1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤት ሲከፍት ለልጆቹ የሰጣቸው ኳስና የእንጨት ኩብ፣ ዘፈንና የሚኮተኩቱት ቁራሽ መሬት ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ ነው ኬጂ የአንደኛ ክፍል ታናሽ ሆኖ የቀረው። ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች፣ በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሃ ሰፈር ላይ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ሕንጻውን እያበላሹ ያስቸገሩ ልጆችን ሰብስበው ሰጧት። እሷ ምን አደረገች፣ ለቁመታቸው የሚሆን ትንንሽ ወንበርና ጠረጴዛ አሠራች፣ መጥረጉን፣ መታጠቡን፣ ዕቃ ማንሳቱን ለራሳቸው ተወችላቸው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አየች። ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም የለም፣ እሷም አስተማሪን ከዚያ ለይታ አላየችም። የኛው መንግሥትም ቢሆን ሕጉ ላይ አይቸኩልም፣ በኛ አቆጣጠር ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው፣ የ2015ቱ አዲሱ ፖሊሲም ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል። ፊንላንዶችም አንደኛ ክፍል የሚያስገቡት በሰባት ዓመት ነው። ማለትም ልጅሽ አልዘገየችም፣ ገና ሁለት ዓመት ሊጠጋ የቀረ ጊዜ አላት።

አሁን ወደ ሦስቱ ገጽ እንምጣ። የአምስት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ገና ሁሉም አልጠነከሩም፣ እርሳስ የሚያዝባቸው የጣት ጡንቻዎችም ገና ናቸው፣ ለዚህ ነው ልጆች እርሳሱን በጡጫ ይዘው ወረቀቱን የሚቀድዱት፣ ከግማሽ ገጽ በኋላም እጃቸውን የሚያራግፉት። እንዲህ ባለ እጅ ሦስት ገጽ ማስጻፍ ሳይሞቅ ምጣድ ላይ ሊጥ ማፍሰስ ነው። ሌላው ደግሞ መጻፍና ማወቅ ይለያያል። ከኤ እስከ ዜድ በሰልፍ የሚጽፍ ልጅ መሀል ላይ «ኬን አሳየኝ» ሲባል ከኤ ጀምሮ እየዘፈነ ካልመጣ የማያገኛት ብዙ ነው። የጎረቤትሽ ልጅ እንደዚያ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ልጁንም እንዳትፈትኚው አደራ፣ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ እናቱንም «አቤት ጎበዝ፣ እግዜር ያሳድግልሽ» ብለሽ ቡናሽን ጠጪ።

እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ አፍ የፈታችበት ቋንቋ። በአማርኛ «ማ» የምትለዋ ድምፅና ወረቀቱ ላይ ያለችው «ማ» አንድ መሆናቸው የገባት ልጅ ያንኑ ዘዴ ወደ እንግሊዝኛ ይዛው ትሄዳለች። አዊ ዞን ያሉ ልጆችም በአዊኛ የሚጀምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። «ካት» ማለት ድመት መሆኑን ሳታውቅ ሲ ኤ ቲን ብትገለብጥ ሥዕል ገለበጠች ማለት ነው።

ይሄን ስል ግን «ሕጻን ፊደል አይንካ» ከሚሉት ወገን አትቁጠሪኝ። አሉ እንደዚህ የሚሉ፣ ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ ጠብቁ ይላሉ፣ እኔ አልስማማም። አንደኛ ክፍል ስትገባ ክፍሉ የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማንም ቁጢጥ ብሎ አያስቆጥራትም፣ ስለዚህ ስሟን መጻፍ፣ ፊደሉን በብዛት መለየት፣ ተረት ሰምታ መልሳ መተረክ ከዚያ በፊት ልትለምድ ይገባል። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ መሪጌታን ጥሪያቸው። አዎ፣ እሳቸውን። በደብዳቤሽ ላይ እንደ ተቃዋሚ ነው ያስቀመጥሻቸው፣ እኔ ግን ቤትሽ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ለዚህ ነገር የሚቀርቡት እሳቸው ይመስሉኛል። የቄስ ትምህርት ቤቱን እስኪ አስቢው፣ አንድ ዛፍ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ደርሷል፣ የሚያልፈው ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን ያለበትን ስላወቀ ነው፣ ያልያዘው እዚያው ይቆያል እንጂ ከሰላሳ ልጅ ጋር አብሮ አይጎተትም። ታላቁ ታናሹን ያስቆጥራል፣ እያስቆጠረም ራሱ ያጠናል። አቡጊዳንስ አየሻት? ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ እየተሳበ በቃሉ ይወጣዋል፣ ፊደሉን ግን ላይለየው ይችላል፣ የኔታ ይሄን ስለሚያውቁ ተራውን አፍርሰው አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብለው በሰያፍ ይጠይቁታል፣ ያኔ ማን እንደሚያውቅ ማን እንደሚዘፍን ይለያል። ከላይ ኤ ቢ ሲ ዲ ላይ ያልኩሽን ነገር እነሱ ከጥንት ጀምሮ መላ አበጅተውለት ነበር ማለት ነው። ቅኔ ቤትማ ሲገባ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የሄደ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ማን ይሰማዋል፣ ጉባኤ ቃናዋ ሁለት ቤት ብትሆንም የራሱ መሆን አለባት። ጎጃም ላይ ቁጭ ብለን ልጅ ከራሱ አፍልቆ መማሩን ከፈረንጅ የመጣ አድርገን ስናየው ይገርመኛል።

አለንጋውንና አርጩሜውን ግን እዚያው ይተዉት፣ እሱን በአክብሮት ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ወይም ባለቤትሽ ይንገራቸው፣ ልጃቸው ነውና ከሱ አፍ ይሻላል። በሷ ዕድሜ ዳዊት መድገማቸውን አትከራከሪያቸው። «አባባ፣ እርስዎ እያሉ ለምን ሌላ ቦታ ትማረዋለች፣ ማታ ማታ ፊደሉን በእርስዎ ይሁንልን፣ ግን ሳትሰለች በፊት ያቁሙልኝ» በያቸው። ልጅ ገና ደስ እያላት ሲቆም ነገ ራሷ «አባባ ና እንቁጠር» ብላ ትመጣለች። ተረትም ይጨምሩበት፣ እንቆቅልሽም፣ መልሱ ሲጠፋት አገር አሰጥተው ይሳቁባት። እንካ ስላንትያንም ያስለምዷት፣ «በዳቦ»፣ «ምን አለህ በዳቦ?»፣ «ሆድሽ ይደር ተርቦ» ሲባባሉ ልጅት የምትማረው ስድብ ብቻ አይደለም፣ የቃል መጨረሻን ጆሮዋ መለየት ጀመረ ማለት ነው፣ ማንበብ የሚጀምረው ደግሞ ከጆሮ ነው።

ፊደሉን ስለማስጀመር፣ 231ዱን በአንድ ጊዜ አታፍሱባት። ከስሟ ፊደሎች ጀምሩ፣ ከዚያ የእናት የአባቷን ስም። ሞንቴሶሪ ፊደልን ከሸካራ ወረቀት ቆርጣ ልጆቹ በጣታቸው እንዲዳስሱት ታደርግ ነበር፣ ይሄ ለኛ ፊደል በጣም ይሆናል፣ እናጢ ቤት ሄደሽ የብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ለምኚ፣ ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊው፣ ጣቷ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ይለምደዋል፣ እርሳሱ በኋላ ይመጣል። ሰፌድ ላይ አሸዋ ዘርግታ በጣት መጻፍም ያው ነው፣ ሲበላሽ መነቅነቅ ነው፣ ላጲስ የለም ቁጣ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ለ እና ሉን፣ በ እና ቡን ጎን ለጎን አስቀምጪላትና ምንም ሳትናገሪ «ከ»ን አሳዪያት፣ «ኩ ስትሆን ምን የምትጨምር ይመስልሻል?» በያት። ቀኝ ጎኑ ላይ ያቺን ትንሽ ቅጥያ ራሷ ከሳለች ካዕብን ማንም ሳያስተምራት አገኘችው ማለት ነው፣ ፊቷን ብቻ እይው። ይቺን ነገር ባለቤትሽ ባለበት አድርጊያት፣ ከኔ ምክር ሁሉ በላይ እሱን የምታሳምነው እሷ ትመስለኛለች።

ቁጥሩ ደግሞ ቤትሽ ሞልቷል። ቡና ስታፈዪ «ስንት ሰው ነን፣ ስንት ስኒ ይበቃናል» ብለሽ ረከቦቱን እሷ ትደርድር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛን ያዘች። ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ዱካ ላይ አስቀምጫትና ጠጠሩን ታውጣልሽ፣ እርሳስ የሚይዙት ሁለት ጣቶች የሚጠነክሩት እንደዚህ ነው፣ ሊጥ ማሸትም እንደዛው፣ ልብሷ ይበላሻል እሱን ቻይው። ቅልሞሽን ደግሞ አስተምሪያት፣ አንቺ እንደተጫወትሽው። አምስት ጠጠር፣ አንዱን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፣ መሬት ካሉት አራቱ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ ከዚያ አራቱንም አንድ ላይ ታፍሺያለሽ። አራት ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፈል ማለት እኮ ነው ይሄ፣ አንደኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው መደመር ጣቷ ላይ ቀድሞ ገባ። በአምስት ዓመቷ እየወረወሩ መቅለብ ሊከብዳት ይችላል፣ መወርወሩን ትታ ማፈሱን ብቻ ትጫወት፣ ቪጎትስኪ የሚባል የሶቪየት ዘመን ሳይኮሎጂስት ልጅ ዛሬ በሰው እርዳታ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል የሚለው ይሄንኑ ነው፣ እርዳታሽን ቀስ በቀስ ትቀንሺዋለሽ።

እንግዲህ ውሳኔው። አስተማሪዋ ልጅሽን የምታውቃት ከሆነ አታንቀሳቅሻት፣ ባለቤትሽንም «እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንይ፣ ሰኔ ላይ እንነጋገር» በይው፣ ወንድ ልጅ ቀን ሲቆረጥለት ይረጋጋል። የማታውቃት ከሆነ አዎ፣ አውጫት፣ ግን ከተጣለችበት አውጥተሽ ሦስት ገጽ ወደሚያስጽፉበት ማስገባት መፍትሔ አይሆንም፣ ቅርባችሁ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የቅድመ አንደኛ ክፍል ካለ እሱንም ሄደሽ እዪው፣ ያቺኑ ጥያቄ እዚያም ጠይቂ፣ ክፍያ የበዛበት ሁሉ የተሻለ አይደለም። ምናልባት ባለቤትሽ እንቢ ብሎ ካዛወራት ደግሞ ዓለም አላለቀም። ሆምወርኩን ግማሽ ገጽ ላይ እጇ ሲደክማት አስቁሚያትና ደብተሩ ላይ «እስከዚህ ራሷ ሠርታለች፣ ደክሟት ነው» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚበት። አንቺ እጇን ይዘሽ አትጨርሺላት፣ እያለቀሰችም አታስጨርሻት። ወላጅ ሲጽፍ የሚሰማ አስተማሪ ይኖራል፣ ባይሰማም ልጅሽ አንቺ ከማን ጋር እንደቆምሽ አየች።

ማታ ማታም ጥያቄሽን ቀይሪው እስቲ። «ምን ተማርሽ» ለአምስት ዓመት ልጅ በጣም ሰፊ ነው፣ ትልቅ ሰውም ሥራ ውሎ ሲገባ ምን ሠራህ ሲባል «ምንም» ነው የሚለው። «ቆርኪውን ምን አደረጋችሁት? ከማን ጋር ነበርሽ? ዛሬ ማን አለቀሰ?» በያት። የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ትሠራለች፣ ከዚያ በኋላ ወሬው አያልቅም።

ግራ እጇን በተመለከተ፣ የባለቤትሽ እናት እርሳሱን ከግራዋ እየነጠቁ ቀኟ ላይ ያደርጉባታል ብለሻል። ማዕድ ላይ በቀኝ መቁረስን ለጨዋነት ብላ ብትለምድ ችግር የለውም፣ እሱን ለእሳቸው ተይላቸው። እርሳሱን ግን አይንኩባት፣ በግራ እጅ መጻፍ በሽታም ልማድም አይደለም፣ አፈጣጠር ነው፣ ሲያስገድዷት ጽሕፈቷ ይዘገያል እንጂ ቀኝ አትሆንም። የኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ እጇ የጻፈችውን ይሸፍንባታል፣ ስለዚህ ደብተሩን ወደ ግራዋ ጠጋ አድርገሽ አናቱን ወደ ቀኝ አዘንብይላት፣ እርሳሱንም ከጫፉ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትያዝ፣ ክፍል ውስጥም ዴስኩ ላይ በግራ ጠርዝ በኩል ያስቀምጧት፣ አለዚያ ክርኗ ከጎኗ ልጅ ጋር እየተጋጨ ሁለቱም ሲጣሉ ይውላሉ። መቀስ ደግሞ አብዛኛው ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፣ ወረቀት መቁረጥ ካቃታት መቀሱ ነው ያቃተው፣ ይሄንንም ለሚስ ንገሪልኝ።